እሳቱ ይነዳል፣ ቤቱ አይሞቅም፦ የፈርነስ ብሎወር ሞተር ሲደክም የሚሰጣቸው ምልክቶች

የፈርነሱ (አየርን በጋዝ እሳት አሙቆ በቱቦ ወደየክፍሉ የሚልከው የቤት ማሞቂያ) እሳት ነዷል፤ በትንሿ መስታወት በኩል ሰማያዊው ነበልባል ይታያል። ቤቱ ግን አልሞቀም። የአየር መውጫው ላይ እጅዎን ሲዘረጉ ወይ ጭራሽ ነፋስ የለም፣ ወይ ደግሞ ደከም ያለ ትንፋሽ ብቻ ነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እሳቱም እልም ይላል። ትንሽ ቆይቶ ይለኮሳል፣ እንደገና ይጠፋል። ይህ የገጠመው ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ጋዙን ወይም ማቀጣጠያውን ነው። እሳቱ እየነደደ ከሆነ ግን እነሱ ሥራቸውን ሠርተዋል። የጎደለው ሙቀቱን ከእሳቱ ተቀብሎ ወደየክፍሉ የሚገፋው ነው፤ እሱም ብሎወር ይባላል።

ብሎወር ማለት አንድ ሞተርና ሞተሩ የሚያሽከረክረው መዘውር ነው። መዘውሩ ዙሪያውን በቀጫጭን ክንፎች የተሞላ ከበሮ ይመስላል። ከክፍሎቹ የቀዘቀዘውን አየር በፊልተር በኩል ይስባል፣ እሳቱ ባጋለው የብረት ክፍል ላይ ያሳልፈዋል፣ ከሞቀ በኋላም ወደ ቱቦዎቹ ይገፋዋል። ሞተሩ ሲቆም ድንገት የቆመ ይመስላል እንጂ ብዙውን ጊዜ ሳምንታት፣ አንዳንዴም የብርድ ወራቱን ሁሉ ሲናገር ቆይቷል። የሚናገረውን ለመስማት ግን ጤነኛው ፈርነስ እንዴት እንደሚሰማ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። እኔ ለማንም ሰው የምመክረው የመጀመሪያ ነገር ይኸው ነው፦ ፈርነስዎ ደህና ባለበት ቀን አጠገቡ ቆመው አንድ ጊዜ ከመነሻው እስከ መቆሚያው ያዳምጡት።

ጤነኛው ፈርነስ እንዴት ይሰማል

ቴርሞስታቱ (ግድግዳ ላይ ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያ) ሙቀት ሲጠይቅ መጀመሪያ የሚነሳው ብሎወሩ አይደለም። ቀድሞ የሚሰማው ኢንዱሰር የሚባለው ትንሽ ሞተር ነው፤ ሥራውም የተቃጠለውን ጋዝ ወደ ውጭ ማስወጣት ነው። ቀጥሎ ማቀጣጠያው ይግላል፣ የጋዙ ቫልቭ ቀጭ ብሎ ይከፈታል፣ እሳቱ ቡፍ ብሎ ይያያዛል። ብሎወሩ አሁንም ዝም እንዳለ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ሴኮንድ ይጠብቃል፤ ብረቱ ሳይግል ቢነሳ ቀዝቃዛ አየር ስለሚነፋ ነው። ከዚያ በኋላ ብቻ ከባዱና ሰፊው የነፋስ ድምፅ ይመጣል። ቤቱ ሞቆ እሳቱ ከጠፋ በኋላም ብረቱ ውስጥ የቀረውን ሙቀት ለመጠቀም አንድ ሁለት ደቂቃ መንፋቱን ይቀጥላል።

ይህን ቅደም ተከተል የማያውቅ ሰው ሁለት ስህተት ይሠራል። አንደኛው፣ ብሎወሩ ወዲያው ባለመነሳቱ ተበላሽቷል ብሎ መደንገጥ ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ ኢንዱሰሩ ሲሽከረከር ሰምቶ «ሞተሩማ ይሠራል» ብሎ መዘናጋት። ቴክኒሺያን ሲጠሩም የትኛው ሞተር እንደሚጮህ መናገር ካልቻሉ ምርመራው ከተሳሳተ ቦታ ሊጀምር ይችላል። በጣም ቀላሉ መለያ ሰዓቱ ነው። ጩኸቱ እሳቱ ከመያያዙ በፊት ከመጣ ኢንዱሰሩ ነው፤ እሳቱ ከተያያዘ ከግማሽ ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ከመጣ ብሎወሩ ነው።

እያጉረመረመ የማይነሳ ሞተር

ከሁሉም ምልክቶች በቀላሉ የሚጠገነውና ብዙ ሰው ያለአግባብ ሞተር የሚቀይርበት ይህ ነው። ብሎወሩ መነሳት ባለበት ሰዓት «እምምም» የሚል ድምፅ ይሰማል፣ መዘውሩ ግን አይዞርም። ወይም ደግሞ ብዙ አንገራግሮ፣ እንደተኛ ሰው ቀስ ብሎ ይነሳል። ባለፈው ወር ወዲያው ይነሳ የነበረ ሞተር ዛሬ አሥር ሴኮንድ ካጉረመረመ በኋላ ከተነሳ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሞተሩ ሳይሆን ካፓሲተሩ ነው።

ምክንያቱን መረዳት ይጠቅማል። ወደ ቤት የሚገባው ኤሌክትሪክ አብዛኛውን ጊዜ ባለ አንድ ፌዝ ነው። ባለ አንድ ፌዝ ኤሌክትሪክ በሞተሩ ጥቅል ሽቦ ውስጥ የሚፈጥረው የማግኔት ኃይል ወዲያና ወዲህ ይገፋል እንጂ አይዞርም። የብስክሌት ፔዳል ልክ ላይኛው ጫፍ ላይ ሆኖ ቀጥ አድርገው ወደ ታች ቢረግጡት እንደማይዞር ማለት ነው፤ ከሌላ አቅጣጫ የሚገፋ ሁለተኛ ኃይል ይፈልጋል። ካፓሲተሩ የሚሠራው ይህን ነው። ለሁለተኛው ጥቅል ሽቦ የሚደርሰውን ከረንት ሰዓቱን ትንሽ ያዛንፍለታል፣ ሁለቱ ጥቅሎች ተራ በተራ ሲገፉ የማግኔቱ ኃይል መዞር ይጀምራል፣ ሞተሩም ይከተለዋል። ካፓሲተሩ ሲሞት ሞተሩ ኤሌክትሪክ እያገኘ ወዴት እንደሚዞር አያውቅም። ስለዚህ ያጉረመርማል፣ ይግላል፣ አይንቀሳቀስም።

ካፓሲተሩ ራሱ በእጅ የሚያዝ ትንሽ የብረት ቆርቆሮ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሞላላ ነው፣ ብሎወሩ ቤት ላይ ወይም አጠገቡ ይታሰራል። ጤነኛ ሲሆን አናቱ ለጥ ያለ ነው። አናቱ እንደተነፋ ዳቦ ወደ ላይ ካበጠ ወይም ዘይት የመሰለ ነገር ከግርጌው ካንጠባጠበ መለካትም አያስፈልገውም፣ ሞቷል። ችግሩ ብዙዎቹ ሳያብጡም መድከማቸው ነው። ጎኑ ላይ 5፣ 7.5 ወይም 10 ማይክሮፋራድ (የካፓሲተር አቅም መለኪያ) የሚል ቁጥር ተጽፎበታል፤ አጠገቡም የሚፈቀደው ልዩነት፣ ብዙውን ጊዜ 5 ወይም 6 በመቶ፣ አለ። 10 የተጻፈበት ካፓሲተር በመለኪያ 8 ካሳየ ሞተሩን ያስነሳው ይሆናል፣ ግን እያሰቃየ ነው። ሞተሩ ከመደበኛው በታች ይዞራል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ዕድሜው ያጥራል። ሲቀየር የማይክሮፋራዱ ቁጥር አንድ ዓይነት፣ ቮልቱም እኩል ወይም ከፍ ያለ መሆን አለበት።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ። ካፓሲተር ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠ በኋላም ውስጡ ያጠራቀመውን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ይህንን የማፍሰስ ልምድ ከሌለዎት ያዩትን ለባለሙያ ይንገሩ እንጂ ጫፎቹን አይንኩ። መዘውሩንም ኤሌክትሪክ እያለ በእንጨት ገፋ አድርጎ ለማስነሳት አይሞክሩ። እርግጥ ነው ካፓሲተሩ የሞተበት ሞተር ሲገፉት ሊነሳ ይችላል፤ የሚነሳው ግን ጣት አጠገቡ እያለ ነው።

ጩኸቱን መለየት

ቀጭን፣ ጆሮ የሚበሳ «ሲጥጥ» የሚል ድምፅ፣ በተለይ ሞተሩ ሲነሳና ሲቆም፣ የኩሽኔታ ድርቀት ነው። ኩሽኔታው ዘንጉን ይዞ በለስላሳ የሚያዞረው ክፍል ነው፤ ቅባቱ ሲያልቅ ብረት ከብረት ይገናኛል። የቆዩ ሞተሮች ጫፍና ጫፋቸው ላይ ለዘይት የተተዉ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሏቸው፤ ለኤሌክትሪክ ሞተር የሚሆን ዘይት ጥቂት ጠብታ ማድረግ ዕድሜያቸውን ያራዝማል። አዳዲሶቹ ግን ኩሽኔታቸው የታሸገ ነው። በላዩ ላይ ዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ መርጨት ለጥቂት ቀን ዝም ያሰኘው ይሆናል፣ የቀረውን ግራሶ አጥቦ ግን መጨረሻውን ያፋጥናል። የታሸገ ኩሽኔታ መጮህ ከጀመረ ሞተሩን ማዘዣው ጊዜ ነው። በአሮጌዎቹ ፈርነሶች ላይ ሞተሩና መዘውሩ በቺንጋ የሚገናኙ ከሆነ ግን ይኸው ጩኸት የላላ ወይም የተሰነጠቀ ቺንጋ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ እሱ ይታያል።

ብረት ሲፋቅ የሚሰማ «ክርክር» ከሆነ ነገሩ ቸኩሏል። ወይ ኩሽኔታው አልቆ ዘንጉ ወርዷል፣ ወይ መዘውሩን ከዘንጉ ጋር የሚያስረው ብሎን ላልቶ መዘውሩ ወደ ጎን ሸርተት ብሎ የላሜራውን ቤት እየፋቀ ነው። ሁለተኛው ብሎን አጥብቆ የሚያልፍ ነገር ነው፣ የመጀመሪያው ግን አይደለም። በሁለቱም ግን ፈርነሱን አጥፍቶ ማየት ነው እንጂ «እስኪ ይቆይ» አይባልም፤ አንድ ሌሊት የተፋቀ መዘውር ክንፎቹን ሊጨርስ ይችላል።

መንቀጥቀጥና «ዱብ ዱብ» አብዛኛውን ጊዜ ሚዛን ማጣት ነው። አቧራ በክንፎቹ ላይ ሲጋገር አንዱ ጎን ይከብዳል፤ መኪና ጎማው ሚዛኑን ሲያጣ እንደሚንዘፈዘፈው ነው። ይህ ሲቆይ ኩሽኔታውን ይበላል።

ድምፁን በእጅ ማረጋገጥም ይቻላል። ፈርነሱን ከቴርሞስታቱ ያጥፉ፣ ኤሌክትሪኩንም ከብሬከሩ ያቋርጡ፣ የታችኛውን በር ያንሱ። ባትሪ አብርተው መዘውሩን በጣትዎ ቀስ ብለው ያሽከርክሩት። ጤነኛው ያለ ድምፅ ይዞርና ቀስ በቀስ ይቆማል። የደከመው ወዲያው ይይዛል፣ ወይም በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ እንደ አሸዋ ሸከር ይላል። ከዚያ ዘንጉን ይያዙና ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ጎንና ወደ ጎን፣ በዘንጉ ርዝመትም ፊትና ኋላ ይነቅንቁት። ፊትና ኋላ ትንሽ መንቀሳቀስ ያለ ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች ወይም ወደ ጎን ግን መወላወል የለበትም። ከተወላወለ ኩሽኔታው አልቋል። ይህ የሁለት ደቂቃ ሙከራ ከብዙ ግምት ይሻላል።

ሠርቶ ሠርቶ የሚቆም፣ ሲበርድ የሚነሳ

ይህ ምልክት ሰዎችን በጣም ያታልላል። ፈርነሱ ጠዋት ደህና ይሠራል። ሃያ ደቂቃ ከሠራ በኋላ ነፋሱ ይቆማል። ቴክኒሺያኑ ሲደርስ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። የሆነው ግን ግልጽ ነው፦ በሞተሩ ውስጥ ከመጠን በላይ ሲግል ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥ መከላከያ አለ፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ራሱ መልሶ ያገናኘዋል። መከላከያው ሥራውን እየሠራ ነው፣ ሞተሩ ግን እየታመመ ነው። አጠገቡ የፕላስቲክ ወይም የቫርኒሽ ቃጠሎ የሚመስል ሽታ ካለ የጥቅል ሽቦው ልባስ እየተቃጠለ ስለሆነ የሞተሩ ቀን ተቆርጧል ማለት ይቻላል። ከወራት በኋላ ፈርነስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ የሚሸተው የአቧራ ሽታ ግን ሌላ ነው፤ እሱ ቢበዛ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይጠፋል።

ብሬከሩን ደጋግሞ የሚጥል ሞተርም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። በባለሙያ ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን አቅፎ ከረንት የሚለካ መሣሪያ) የሚለካው አምፔር ሞተሩ ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ቁጥር ከበለጠ ጉዳዩ ተለይቷል። ብሬከሩን መልሶ መላልሶ ማንሳት ግን ምርመራ አይደለም፣ እሳት መጋበዝ ነው።

ደካማ ነፋስ፦ ሞተሩ ነው ወይስ መንገዱ?

ነፋሱ ሲደክም ሞተሩን ከመኮነን በፊት አየሩ የሚያልፍበትን መንገድ ማየት ግድ ነው። ፊልተሩ በአቧራ ከታፈነ፣ የአየር መውጫዎቹ በዕቃ ከተሸፈኑ፣ የመዘውሩ ክንፎች ጎድጓዳቸው በአቧራ ከሞላ፣ ከምንም ያልጎደለ ሞተርም ነፋስ ሊሰጥ አይችልም። ፊልተሩን አውጥተው ለአፍታ ያለ ፊልተር ሲሞክሩት ነፋሱ ከበረታ መልሱን አግኝተዋል።

ስለዚህ ጉዳይ ብዙ የሚነገርና ግማሹ ብቻ ትክክል የሆነ ነገር አለ፦ «ፊልተር ሲዘጋ ሞተሩ ተጨንቆ ይቃጠላል» ይባላል። በመደበኛው ባለ ካፓሲተር ሞተር ላይ ግን አየሩ ሲዘጋ መዘውሩ የሚገፋው አየር ስለሚያንስ የሞተሩ ሸክም በእርግጥ ይቀንሳል፤ የሚጎዳው ሌላ ነገር ነው። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በዚያው በሚያልፈው አየር ነው፤ አየሩ ሲያንስ ማቀዝቀዣውን ያጣል። በኤሌክትሮኒክ ቦርድ የሚመሩት አዳዲሶቹ ሞተሮች ግን የተለዩ ናቸው። ነፋሱ ሲቀንስ ፍጥነታቸውን ጨምረው ለማካካስ ስለሚጥሩ በእነሱ ላይ የተዘጋ ፊልተር በቀጥታ ሸክም ነው። የሚጮኸውም የኤሌክትሪክ ፍጆታውም የሚጨምረው ከዚህ ነው።

ነፋሱ በየትኛውም ምክንያት ሲያንስ የሚከተለው አንድ ነው። የጋለው ብረት ሙቀቱን የሚወስድለት ያጣል፣ ሊሚት ስዊች የሚባለው የሙቀት ጠባቂ ጋዙን ይቆርጣል፣ ሲበርድ ይመልሳል። መግቢያው ላይ ያነሳሁት የመለኮስና የመጥፋት ዑደት ይህ ነው። በቴርሞሜትር ማረጋገጥም ይቻላል። ፈርነሱ ሩብ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ የሚገባውንና የሚወጣውን አየር ሙቀት ለክተው ልዩነቱን ይያዙ። የተፈቀደው ልዩነት በፈርነሱ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ አለ፤ በብዙዎቹ ከ20 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ከላይኛው ቁጥር ካለፈ ነፋሱ አይበቃም ማለት ነው።

ጭራሽ ካልተነሳ

መጀመሪያ የታችኛው በር በደንብ መገጠሙን ይዩ። ከበሩ ጀርባ ያለው ስዊች በር ሲከፈት ፈርነሱን ያጠፋዋል፤ ፊልተር ከተቀየረ በኋላ «ሞተ» የተባለ ፈርነስ ብዙውን ጊዜ በሩ ነው። ከዚያ ቴርሞስታቱ ላይ ፋኑን ከአውቶ ወደ ኦን ያዙሩት። በዚህ ከተነሳና በሙቀት ሰዓት ብቻ ከቀረ ሞተሩ አልሞተም። ጥርጣሬው ወደ ፈርነሱ መቆጣጠሪያ ቦርድ፣ በተለይም ሞተሩን ለሙቀት ወደሚያስነሳው ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያና ማጥፊያ) ይዞራል። የተገላቢጦሹም አለ፦ ቴርሞስታቱ አውቶ ላይ እያለ ሳይቆም የሚነፋ ብሎወር ሪሌው ተጣብቆ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ሊሚት ስዊቹ ተከፍቶ ቦርዱ ብረቱን እያቀዘቀዘ ነው። በቦርዱ ላይ የሚያብረቀርቀው ትንሽ መብራት ስንቴ ብልጭ እንደሚል ይቁጠሩ፤ ትርጉሙ ብዙውን ጊዜ በበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ተለጥፏል።

በቦርድ የሚመሩት ሞተሮች አሟሟታቸውም ሌላ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ብረቱ ሳይሆን ከጀርባው የተገጠመው ኤሌክትሮኒክ ክፍል ነው፤ ጠላቶቹም እርጥበትና የኤሌክትሪክ መዋዠቅ ናቸው። ሲነሱ ወዲያና ወዲህ ትንሽ ማወዛወዝ ለብዙዎቹ ተፈጥሯቸው ነው። እየተወዛወዘ ጨርሶ የማይነሳ፣ ወይም ያለ ምክንያት ፍጥነቱን የሚቀያይር ግን ታሟል። አንዳንዱ ላይ ያን ክፍል ብቻ መቀየር ስለሚቻል ሙሉ ሞተር ከመግዛት በፊት መጠየቁ ተገቢ ነው።

ሲቀየር

ሞተር ብቻውን ተቀይሮ አሮጌው ካፓሲተር ሲተው ማየት ያሳዝነኛል። ደካማው ካፓሲተር አዲሱንም ያደክመዋል፤ ስለዚህ አብረው ይቀየሩ። አዲሱ በፈረስ ጉልበት፣ በዙር ፍጥነት፣ በቮልትና በሚዞርበት አቅጣጫ ከአሮጌው ጋር መመሳሰል አለበት። ባለሙያው አሮጌው ለምን እንደሞተ ካልነገረዎት ይጠይቁት። የታፈነ ፊልተር፣ የቆሸሸ መዘውር ወይም የጠበበ ቱቦ ሳይስተካከል የተገጠመ ሞተር ያንኑ መንገድ ይከተላል።

ብሎወሩ ቆሞ እሳቱ የሚነድ ከሆነ እስኪጠገን ድረስ ፈርነሱን ያጥፉት። ሊሚት ስዊቹ ይጠብቀኛል ብሎ ለቀናት መተው አይገባም። ብረቱ ደጋግሞ ሲግልና ሲበርድ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ በስንጥቁ በኩል ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደሚተነፍሱት አየር የሚገባበት ዕድል አለ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ መኝታ ክፍሎች አጠገብ ይኑር፤ ከጮኸ ሁሉም ሰው ወደ ውጭ ወጥቶ ነው ስልክ የሚደወለው። ጋዝ ከሸተተም እንዲሁ፣ መብራት እንኳ ሳይነኩ። በመጠባበቂያነት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከተጠቀሙ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰካ፤ ማራዘሚያ ገመድ አይሁን። የማብሰያ ምድጃ ቤት ማሞቂያ አይደለም።

ባለሙያ እስኪመጣ ድምፁን በስልክዎ ይቅዱት፣ ከመነሻው ጀምሮ እሳቱ የተያያዘበትና ነፋሱ የመጣበት ሰዓት እንዲሰማ አድርገው። ሞተሩ ሰው ሲመጣ ዝም የማለት ልማድ ስላለው የሁለት ደቂቃ ቅጂ ለቴክኒሺያኑ ከረጅም ገለጻ በላይ ይነግረዋል።